ሃያ አምስት ዓመት የዘገየ መንገድ

ጥር 14 ቀን 1992 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ከቤተ ልሔም እምብዛም ከማይርቅ የታች ጋይንት መንደር፣ ከሙሽራዪቱ ቤት፣ ከቀትር በኋላ ተነሥተን ወደ ስማዳ ወደ አባቴ ቤት መንገድ ገባን። እሷ በቅሎ ላይ ናት፤ ፊቷ በነጠላ ተሸፍኗል፤ አንደኛው ሚዜ ልጓሙን ይዟል። እኔ ከቀሩት ሚዜዎች ጋር ከኋላ በእግሬ እከተላለሁ። ቁልቁለቱን ስንወርድ የማየው የበቅሎዋን ጭራና የእሷን ጀርባ ነው። ዘፈኑ ደመቅ ሲል ዘወር ትል ይሆን ብዬ እጠብቃለሁ። አልዞረችም፤ ሙሽራ አይዞርም። ጀንበር ስትጠልቅ ደረስን። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ከሚስቴ ጋር አንድ ቃል አልተለዋወጥንም። አብረን የሄድነው የመጀመሪያው መንገድ ይህ ነው።

ሁለተኛውን መንገድ ለየብቻ ሄድነው። እኔ በ2002 ዓ.ም. ወደ ጀርመን ወጣሁ፤ እሷ ሁለት ልጆች ይዛ ቀረች። ሰባት ዓመት ተለያየን። ጀርመን የሚኖር ሰው ሚስቱን ለማስመጣት ከሚጠየቀው አንዱ፣ የምትመጣዋ ቪዛ ከማግኘቷ በፊት የጀርመንኛ የመጀመሪያ ደረጃ ፈተና፣ ኤ አንድ የሚሉትን፣ ማለፏ ነው። ስለዚህ ባለቤቴ ልጆቹን ለእናቷ አደራ ሰጥታ አዲስ አበባ ገባች፤ ክፍል ተከራይታ ጎይተ ኢንስቲትዩት ተማረች። ከመልመጃዎቹ አንዱ የባቡር ትኬት መግዛት ነበር። ማታ ማታ በስልክ አብረን እናጠናለን፤ እኔ ትኬት ሻጭ፣ እሷ መንገደኛ። «ወደ ሙኒክ፣ ለሁለት ሰው፣ ደርሶ መልስ» ትለኛለች በጀርመንኛ። «ሁለተኛው ሰው ማነው?» ስላት «አንተ ነሃ» ትላለች በአማርኛ። ፈተናውን አለፈች፤ በ2009 ዓ.ም. መጣች። ያንን ትኬት ሳልገዛላት ግን ስምንት ዓመት አለፈ። የፈረቃ ሥራ፣ የልጆች ትምህርት፣ ወደ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ፤ ምክንያቱ የማያልቅ ነው፤ ስደት ላይ ያለ ሁሉ ያውቀዋል።

ሃያ አምስተኛው ዓመት ሲቃረብ መጀመሪያ ያሰብነው አገር ቤት ነበር። በተጋባንባት ቤተ ክርስቲያን አስቀድሰን፣ ያንኑ ቁልቁለት ዳግመኛ ጎን ለጎን ልንወርድ። አልሆነም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ክልላችን ጦርነት ላይ ነው፤ መንገዱ ዛሬ ተከፈተ ሲባል ነገ ይዘጋል፤ ስልክም ሲሠራ ነው። አማቴ በተገኘችው አጭር የስልክ ሰዓት «መንገዱ ሲከፈት ትመጣላችሁ፤ እስከዚያው ባላችሁበት አክብሩት፤ ቀን አይለፋችሁ» አሉን። «ቀን አይለፋችሁ» ያሉት ነገር ልቤ ውስጥ ቀረ።

እንግዲህ በባቡር አውሮፓን እንዙር አልኩ። ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። አምስተርዳም፣ ብራስልስ፣ ፓሪስ፣ ጄኔቭ፣ ሚላን፣ ቬኒስ፣ ፍሎረንስ፣ ሮም፣ ቪየና፤ በዐሥር ቀን ዘጠኝ ከተማ። ደስ ብሎኝ ለባለቤቴ አሳየኋት። ዝም ብላ አነበበችው። «ስንት ሰዓት ነው የምንቀመጠው?» አለችኝ። አልገባኝም። «ሆቴል መግባት፣ ሻንጣ መፍታት፣ ሻንጣ ማሰር፣ ጣቢያ መሮጥ ነው የጻፍከው። እኔና አንተ የምንቀመጥበት የት ነው?» ብላ እስክሪብቶውን ተቀበለችኝ፤ ከዘጠኙ ሰባቱን ሰረዘች። ሚላንና ሮም ቀሩ። ከዚያ ሁለት ነገር ጨመረች። አንደኛ፣ ስንሄድ በቀን እንሂድ፤ አገር ማየት የሚቻለው በቀን ነው። ሁለተኛ፣ መቀመጫው ፊት ለፊት ይሁን፤ መሐሉ ጠረጴዛ ያለው። እኔ ስለ ከተሞች ሳስብ እሷ ስለ መቀመጫው አስባ ነበር። እውነቷን ነው። ለትዳር በዓል የሚደረግ ጉዞ ዋናው መንገዱ ነው፤ ከተማው ማረፊያ ነው።

ትልቋ ልጃችን «አባ፣ በአውሮፕላን እኮ ሮም ሁለት ሰዓት አይሞላም» አለች። ልክ ናት። ከምንነሣባት ከፍራንክፈርት ሮም በአየር ቅርብ ነው። ግን እኔና እናቷ በአውሮፕላን ብዙ ጊዜ ሄደናል፤ ሁልጊዜም ለችግር ነው፤ ለቀብር፣ ለሕመም፣ ለወረቀት ጉዳይ። አውሮፕላን ማረፊያ ማለት ለእኛ መሰናበቻ ቦታ ነው። ባቡር ላይ እስካሁን ያለቀስንበት ጊዜ የለም።

ቀኑን ለመቁረጥ ደግሞ ሁለት የቀን መቁጠሪያ ያስፈልጋል። ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 22 ቀን 2025 ነው፤ ረቡዕ ዋለ። ረቡዕ ጾም ነው። የሰርጋችን መታሰቢያ እራት የጾም እራት ይሆናል ማለት ነው። ባለቤቴ ምንም አልከፋትም፤ «ጣልያን አገር አይደለም እንዴ የምንሄደው? ፓስታ በቲማቲም ስጎ አለ» አለች። ጥምቀት ጥር 11 እሑድ ዋለ፤ እሱን ከምእመኑ ጋር ፍራንክፈርት አክብረን በማግስቱ ሰኞ እንድንነሣ ወሰንን። ማግስቱ ጥር 12 ነው፤ ቃና ዘገሊላ። ጌታ ከሰርግ ቤት የታደመበት በዓል። ቀኑን የመረጥነው እኛ አይደለንም፤ የቀን መቁጠሪያው ራሱ እዚያ ላይ ጣለን።

ስለ ትኬት የማውቀውን ልናገር፤ የሚጠቀምበት ይኖራል። ኢንተርሬይል የሚባለው የማለፊያ ትኬት እ.ኤ.አ. በ1972 ለወጣቶች የተጀመረ ነው፤ ዛሬ በማንኛውም ዕድሜ ላይ ያለ የአውሮፓ ነዋሪ ይገዛዋል። ከአውሮፓ ውጭ ለሚመጣ ዩሬይል የሚባል አቻ አለው። ብዙ አገር በብዙ ቀን ለሚዞር መልካም ነው፤ ነገር ግን በሚኖሩበት አገር ውስጥ መውጫ አንድ፣ መመለሻ አንድ ጉዞ ብቻ ነው የሚፈቅደው፤ በጣልያን ፈጣን ባቡሮች ደግሞ ለመቀመጫ ለብቻ ያስከፍላል። እንደ እኛ አራትና አምስት ጊዜ ብቻ ለሚሳፈር ትኬቶቹን በየብቻው፣ ቀደም ብሎ፣ በቅናሽ መግዛት ይሻላል። ቅናሹ ትኬት ከተጻፈበት ባቡር ውጭ አይሠራም። በአንድ ትኬት ከያዟቸው ባቡሮች የመጀመሪያው ዘግይቶ ተከታዩ ካመለጠ ግን እስሩ ይፈታል፤ በሚቀጥለው መሳፈር ይቻላል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ባቡር ስልሳ ደቂቃ ከዘገየ ከትኬቱ ዋጋ ሩቡን፣ ሁለት ሰዓት ከዘገየ ግማሹን ማስመለስ ይቻላል። ብዙ ወገኖቻችን ይህን መብት አይጠይቁም፤ ይጠይቁ።

የባቡር ሰሌዳ ማንበብ ለእኔ እንግዳ አልሆነብኝም፤ ምክንያቱን ልንገራችሁ። ልጅ ሆኜ ቤተ ልሔም ድጓ ተምሬአለሁ። ድጓ ማስመስከሪያው ቤተ ልሔም ነው፤ ከየትም አገር የተማረ ሰው ባለሙያ ለመባል እዚያ መጥቶ ያስመሰክራል፤ ዝማሬ መዋሥዕቱን ደግሞ ከዚያው ከአካባቢያችን ከዙር አምባ ይወስዳል። እኔ እስከ ማስመስከር አልደረስኩም። ከጾመ ድጓ ጥቂት ወጣ ብዬ ወደ ንፋስ መውጫ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሄድኩ። የቀረኝ ግን ዓይኔ ነው። በድጓው ከቃሉ በላይ ደቃቅ ምልክት ይጻፋል፤ ይዘት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ሒደት፣ ደረት። ቃሉን ብቻ ያነበበ ዜማውን ይስታል። የባቡሩ ሰሌዳም እንዲሁ ነው። ከሰዓቱ ጎን ደቃቅ ምልክት አለ፤ ይኼ ባቡር በበዓል ቀን አይሄድም፣ ይኼ ከመካከል ሁለት ላይ ይከፈላል፣ ይኼ ያለ መቀመጫ ቦታ አያሳፍርም። ልጄ በስልኳ ስትቸኩል እኔ ምልክቱን እያየሁ ሁለት ስሕተት አዳንኩ። የኔታ ቢሰሙ ደስ ይላቸው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ይህን ሁሉ ማቀድ የቻልነው የመኖሪያ ፈቃድ ስላለን ነው። ከአገር ቤት አንድ ባልና ሚስት እንዲህ ያለ ጉዞ ቢያስቡ ለሸንገን ቪዛ እያንዳንዳቸው 90 ዩሮ ይከፍላሉ፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድን ይገዛሉ። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 በኢትዮጵያውያን ላይ ልዩ ገደብ ጥሏል፤ በ15 ቀን ያልቅ የነበረው ውሳኔ 45 ቀን ሆነ፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም ቀረ። ምክንያቱ በመንግሥታት መካከል ያለ የተመላሾች ጉዳይ ነው። ዋጋውን የሚከፍሉት ግን በሠላሳኛ ዓመታቸው እንኳ አንድ ሳምንት አብረው መንሸራሸር የማይችሉ መምህርና ነርስ ናቸው። ይህ ልክ አይደለም።

ስንቁን ባለቤቴ ሠራች። ዳቦ ቆሎ፣ የገብስ ቆሎ፣ ለረቡዕና ለዓርብ በሶ በጠርሙስ የሚበጠበጥ። ቡና በፔርሙዝ። ሰኞ ማለዳ ከጥምቀት ልብሷ ነጠላዋን ብቻ አውጥታ ከሻንጣው አናት አስቀመጠች።

ፍራንክፈርት ዋናው ጣቢያ ስንደርስ ባቡሩ ተቀይሯል። የተመደበው ተበላሽቶ ሌላ ተተክቷል፤ ከሦስት ወር በፊት የያዝነው ፊት ለፊት መቀመጫ በዚህኛው ባቡር የለም። ሰው ሞልቷል። እየተጋፋን ገብተን ያገኘነው አንድ ቦታ ከፊት፣ አንድ ቦታ ከኋላ ነው። እሷ ፊት ተቀመጠች፤ እኔ ሦስት ረድፍ ከኋላ። እስከ ባዝል ሦስት ሰዓት ያህል ነው። የማየው የእሷን ጀርባ ነው። በጣም አዘንኩ፤ ያን ያህል ደክሜ ያቀድኩት በመጀመሪያው ሰዓት ሲበላሽ። ፍራይቡርግ ግድም አንድ ወጣት ተነሥቶ ወረደና ወደ እሷ ሄድኩ። ቀና ብላ አየችኝና «እንደ ሰርጋችን ቀን ሆነ አይደል?» አለችኝ። እሷም ያንኑ እያሰበች ነበር።

ባዝል ያረፍነው በምክንያት ነው። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ቅድስት ክሪሾና የሚባል ኮረብታ አለ። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1840 የእጅ ሙያ ያላቸው ወንጌላውያንን ለማሠልጠን ተቋም ተመሠረተ። በኋላ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ለዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያቀለጡት ከእነዚህ መካከል ናቸው። ከእነሱ አንዱ ስዊዘርላንዳዊው ቴዎፍሎስ ቫልድማየር የንጉሡን ወዳጅ የጆን ቤልን ልጅ አግብቷል፤ እናቷ ኢትዮጵያዊት ናት። ከሰዓት በኋላ በአውቶቡስ ወጣን። ቤተ ክርስቲያን፣ ሜዳ፣ በረዶ፣ ከታች ራይን ወንዝ። ሌላ የሚታይ ነገር የለም፤ እኛ ግን ብዙ ቆምን። ከዚህ ኮረብታ የወጡ ሰዎች ያቀለጡት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲጎተት ያለፈው በእኛ አገር ነው፤ በጋይንት በጨጨሆ አድርጎ። ሰባ ኩንታል የሚደርስ ብረት በሰው ትከሻና በገመድ፤ መንገዱ ከፊት ከፊቱ እየተጠረገ። ወራት ፈጀ። እኛ ጋ አዛውንት ስለዚያ ሲያወሩ የሚሉት የንጉሡ ጦር ገደሉን እንዴት እንደ ናደው ነው። ባለቤቴ የምታውቀው መድፉ ያለፈበትን ነው፤ አሁን የሠሪዎቹን መነሻም አየች። ባዕዳን እኛ አገር ሲመጡ እንግዳ እንላቸዋለን። ቶማስ ፓክንሃም የሚባል እንግሊዛዊ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ወደ ቤተ ልሔም መጥቶ፣ ከክቡ የሣር ክዳን ውስጥ በጥርብ ድንጋይ የተሠራ ጥንታዊ ባለ አራት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን ማየቱን ጽፏል። የእኛ ሰዎች አስገብተው አሳዩት። ክሪሾና ላይ ደግሞ እንግዶቹ እኛ ነበርን። አንዲት አሮጊት ከየት እንደመጣን ጠይቀው «ጋፋት» ስንላቸው ስሙን ዐወቁት። ያን ቃል ከእሳቸው አፍ መስማት ምን ያህል እንዳስደሰተን ለመግለጽ ይከብደኛል።

ማክሰኞ የጉዞው ልብ ነው። ከባዝል በጎታርድ ተራራ በኩል ወደ ጣልያን በሁለት መንገድ ይኬዳል። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ2016 በተከፈተው የጎታርድ የመሠረት ዋሻ ነው፤ 57 ኪሎ ሜትር፣ በዓለም ረጅሙ የባቡር ዋሻ። ተራራውን ከሥሩ ቀጥ ብሎ ይበሳዋል፤ ቶሎ ያደርሳል፤ ምንም አያሳይም። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1882 የተከፈተው አሮጌው መስመር ነው፤ በየዳገቱ እየተጠማዘዘ ወጥቶ ከላይ ያለውን የ15 ኪሎ ሜትር ዋሻ ያልፋል። ዛሬም ትሬኖ ጎታርዶ የሚባል የመዳብ ቀለም ያለው ባቡር ይሄድበታል፤ መቀመጫ አስቀድሞ መያዝ ግዴታ የለበትም። እኛ አሮጌውን ያዝን። ጥር ስለሆነ ሰው የለም። መስኮት ዳር፣ ፊት ለፊት፣ መሐላችን ጠረጴዛ። ባለቤቴ ዳቦ ቆሎውን አወጣች፤ ቡና ቀዳች።

ኤርስትፌልድ ካለፈ በኋላ ባቡሩ መውጣት ይጀምራል። ቫሰን የምትባል ትንሽ መንደር አለች፤ ነጭ ቤተ ክርስቲያኗ ጉብታ ላይ ተቀምጣለች። መጀመሪያ አንገታችንን ቀና አድርገን ከበላያችን አየናት። ባቡሩ ዋሻ ገባ፤ በተራራው ሆድ ውስጥ ዞሮ ወጣ፤ አሁን ቤተ ክርስቲያኗ ከእኛ ጋር እኩል ሆናለች። ደግሞ ዋሻ፤ ደግሞ መዞር፤ ስንወጣ ከበታቻችን ናት፤ ጣሪያዋ ላይ በረዶው ይታያል። አንዷን ቤተ ክርስቲያን ሦስት ጊዜ። መሐንዲሶቹ ዳገቱን ለማለዘብ መስመሩን በተራራው ውስጥ ስላጠመዘዙት ነው። ባለቤቴ ነጠላዋን አንሥታ ሦስት ጊዜ ተሳለመች። ጋይንት ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል። ማለዳ ከማዶ ያየኸውን ቤተ ክርስቲያን ሸለቆውን ወርደህ ታጣዋለህ፣ ወንዙን ተሻግረህ ዳገቱን ስትይዝ ደግሞ በሌላ ወገን ብቅ ይላል፤ እስክትደርስ ድረስ እንዲሁ ነው።

ይህን ጊዜ ነው የጠየቅኳት። «ያን ቀን በቅሎዋ ላይ ሆነሽ ምን ታስቢ ነበር?» ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ጠይቄአት አላውቅም። ቡናዋን አስቀምጣ ወደ መስኮቱ አየች።

«ጫማህን እሰማ ነበር» አለችኝ። «ሁሉም ያደረገው ጫማ አሮጌ ነው። የአንተ አዲስ ስለነበር ይጮሃል። ከሁሉም ለይቼ ዐውቀው ነበር። ድምፁ ራቅ ሲል እፈራለሁ፤ ሲቀርብ ይቀለኛል። ቁልቁለቱ ላይ አንድ ጊዜ ጠፋብኝ።»

ትዝ አለኝ። ወንዙ ዳር ጠጠር ገብቶብኝ አውልቄ ነበር። እሱን ነገርኳት። እጄን ይዛ ብዙ ዝም አለች።

ጎሸነን ጣቢያ ላይ ማስታወቂያው በጀርመንኛ ነበር። ዋሻውን አልፈን አይሮሎ ስንወጣ ተናጋሪዋ ቋንቋ ቀየረች፤ ጣልያንኛ። «ፕሮሲማ ፌርማታ» አለች። ባለቤቴ ቀና አለች። «ፌርማታ ነው ያለችው?» አዎ፤ ያው የእኛው የአውቶቡስ ፌርማታ። ተምራ ከመጣችበት ቋንቋ ይልቅ ያልተማረችው ቋንቋ አንድ የራሷን ቃል ይዞ ተቀበላት። ከዚያ ወዲያ እስከ ሚላን ድረስ በየጣቢያው ያንን ቃል ጠበቀች።

በዚህ መስመር ላይ ሆኖ አልፍሬድ ኢልግን አለማስታወስ አይቻልም። ከፍራውንፌልድ የተወለደ፣ ዙሪክ የተማረ መሐንዲስ ነው፤ ምኒልክን ብዙ ዘመን ያገለገለ። የጅቡቲውን የባቡር መስመር የመሥራት ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ1894 የተሰጠው ለእሱ ነው። ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው፤ ምኒልክ ከሞቱ ከሦስት ዓመት በላይ አልፎ። ከፍኖተ ሰላም በባሕር ዳርና በወረታ አድርጎ ወልድያ የሚደርስ መስመርም በአገራችን የምድር ባቡር ዕቅድ ውስጥ ነበረ። ከወረታ ወልድያ ማለት ጋይንትን መሻገር ማለት ነው። እኔ ልጅ ሆኜ በዚያ መንገድ የማውቀው ቻይናዎቹ የሠሩትን የመኪና መንገድ ነው። ስዊሶች በ1882 በረዶና ገደል ላይ ያደረጉትን እያየሁ፣ ጨጨሆን የሚዞር ሐዲድ የማይቻል ነገር አይደለም አልኩ። ሰላሙ ይምጣ እንጂ ይቻላል።

ሚላን አደርን፤ ስለ ሚላን ብዙ የምለው የለኝም፤ ጣቢያው ትልቅ ነው፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነበር። ረቡዕ ጥር 14 በፈጣኑ ባቡር ሦስት ሰዓት ያህል ሄደን ሮም ገባን።

ሮም በባቡር የሚገባ ኢትዮጵያዊ ከተርሚኒ ጣቢያ በር ሲወጣ የሚረግጠው አደባባይ ስሙ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ነው። አምስት መቶዎቹ እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የወደቁ የጣልያን ወታደሮች ናቸው። ትኬት የሚፈልገው፣ ታክሲ የሚጠብቀው፣ አውቶቡስ የሚሳፈረው ሁሉ በዚያ ስም ላይ ይመላለሳል። ትንሽ ራቅ ብሎ ሐውልታቸው አለ። አዲስ አበባ ለገሐር ጣቢያ ፊት የቆመው የይሁዳ አንበሳ በወረራው ዘመን ተዘርፎ የተተከለው እዚያ ሐውልት ሥር ነበር። ከባቡር ጣቢያ ተነቅሎ ባቡር ጣቢያ አጠገብ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ወደ ቦታው ተመለሰ። ዘርዓይ ደረስ ሰይፉን የመዘዘው በዚሁ አንበሳ ፊት እንደሆነ በአገራችን ይተረካል። ባለቤቴ ሐውልቱ ሥር ሻንጣዋን አቁማ ቆመች። «ለዕረፍት መጥተን ታሪክ አገኘን» አለች። አልተከፋችም፤ ተነክታ ነበር።

ማታ አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ገብተን ፓስታ በቲማቲም ስጎ አዘዝን፤ ያለ ፎርማጆ። አስተናጋጁ ፎርማጆውን ይዞ ሦስት ጊዜ መጣ፤ ሦስት ጊዜ መለስነው። የሰርጋችን ሃያ አምስተኛ ዓመት እራት ይህ ነበር። ከዚህ የተሻለ በልቼ አላውቅም።

እ.ኤ.አ. 2025 ለካቶሊካውያን የኢዮቤልዩ ዓመት ስለነበረ ቫቲካን በሰው ተጥለቅልቃ ነበር። ሐሙስ ማለዳ ተሰልፈን ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ ጉልላት ወጣን። እስከ ላይ 551 ደረጃ ነው፤ በአሳንሰር የተጀመረ እንደሆነ 320 ይቀራል። የጋይንት እግር ነውና ሁሉንም በእግራችን ወጣነው። የወጣነው ከተማዋን ለማየት አይደለም። ከላይ ሆኖ ወደ አትክልቱ ስፍራ ሲመለከቱ፣ ከባዚሊካው በስተኋላ፣ አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ። ጳጳሱ ሲክስቶስ አራተኛ እ.ኤ.አ. በ1479 ለኢትዮጵያ መነኮሳት ማረፊያ የሰጧት ናት። ከኢየሩሳሌም ባሕር እየተሻገሩ የሚመጡ አባቶች እዚያ ያርፉ፣ እዚያ ይቀድሱ ነበር። የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን የግእዙን ሐዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1548 ያሳተሙት እዚያ ሆነው ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚነካኝ ግን ከእሳቸው የቀደመው ነገር ነው። ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ከኮሎኝ የመጣ ጀርመናዊ ካህን ሮም ሳለ የእኛ መነኮሳት ሲያዜሙ ሰማ። ቋንቋውን አያውቀውም፤ «ከለዳውያን» መሰለው። መሳሳቱ ምንም አይደለም፤ ዜማው ያዘው። ወልደ ሳሙኤል ከሚባል ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ፊደል ቆጠረ፣ ግእዝ ተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ አሳተመ። በግእዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው። እንደ እኛ ዳዊት ሁሉ ከመዝሙሩ ጋር መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን አለበት። አስቡት። የሙሽራና የሙሽሪት መዝሙር ከሌላው የግእዝ መጻሕፍት ሁሉ ቀድሞ በማተሚያ የወጣው፣ አንድ ጀርመናዊ ከዚያች ትንሽ ቤት በሰማው ዜማ ምክንያት ነው። ለባለቤቴ ይህን ነገርኳት። ጉልላቱ ላይ ነፋስ አለ፤ ሰው ይጋፋል። «አንተም እኮ ታውቀዋለህ፤ በልልኝ» አለችኝ። ድጓውን ብዙውን ረስቼዋለሁ፤ ቢሆንም የቀረኝን በአራራይ፣ ለጆሮዋ ብቻ፣ ዝቅ አድርጌ አዜምኩላት። ከአጠገባችን የነበረች አንዲት የእስያ ሴት ስልኳን አውርዳ እስክጨርስ ጠበቀች።

ቅዳሜ ማታ በሌሊት ባቡር ተመለስን። ከሮም ሙኒክ የሚሄድ ነው፤ የሁለት ሰው የመኝታ ክፍል ቀደም ብዬ ይዤ ነበር። አንዱ አልጋ ከላይ፣ አንዱ ከታች ነው። ሌሊቱን ሙሉ መብራቱን አጥፍተን አወራን፤ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ሰባቱ ዓመት፣ እርስ በርስ ስለ ተደባበቅነው አንዳንድ ነገር። እዚህ የማልጽፈው ብዙ ነው። ሙኒክ በረዶ ሲጥል ደረስን። ለሁለት ሰው፣ ደርሶ መልስ፤ ልክ በፈተናው እንዳለችው።

አማቴን ያገኘናቸው ከአራት ቀን በኋላ ነው፤ ስልኩ ተቋርጦ ቆይቶ። ደኅና ናቸው። ባቡሩ እንዴት ነበር ብለው የጠየቁት ልጃቸውን ነው፤ እሷም ስለ ነጯ ቤተ ክርስቲያን ነገረቻቸው።

ወደዚያ የምትሄዱ ካላችሁ፣ ሁለት ሆናችሁ ከሆነ፣ ፈጣኑን ባቡር አትያዙ። ኤርስትፌልድ ስትደርሱ ስልካችሁን አስቀምጡና በአሮጌው መስመር ፊት ለፊት ተቀመጡ። ቫሰን ላይ ቤተ ክርስቲያኗን ሦስት ጊዜ ቁጠሩ።